በጋሼ ጆሮ ጆሮ ውስጥ የገባው ፒስተን

ከወዲሁ ልማልላችሁ፤ ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ከዋሸሁ የምጠግነው ጎማ ሁሉ እጄ ላይ ይፈንዳ፤ ክሪኬ ከነመኪናው ይክዳኝ። በጋራዣችን «ነፋሱ» የሚል ስም የወጣልኝ ጎማ ስለምነፋ ብቻ እንዳልሆነ አልክድም። ትምህርቴም ቢሆን ስምንተኛ ላይ ነው የቆመው፤ ስምንተኛን ሁለቴ ስለተማርኩት ግን ዘጠነኛ ይቆጠርልኝ። የሆነ ሆኖ አሁን የማወራችሁ ስለ አጥንት ነው። በአጥንት አልቀልድም፤ ምክንያቱን ታሪኩን ስትጨርሱ ታገኙታላችሁ።

ጋሼ ጆሮ የታላቅ እህቴ የእታለም ባል፣ የጋራዣችንም ዋና መካኒክ ናቸው። ስሙን ያገኙት ጆሯቸው ትልቅ ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ የሕፃን ጆሮ ነው የሚያክለው። ግን ሞተርን በድምፁ ብቻ ያውቁታል። መኪናው ገና መንገዱን ሳይታጠፍ «ሦስተኛዋ ፒስተን ታማለች» ይላሉ፤ ሞተሩ ሲከፈት በእርግጥም ሦስተኛዋ ታማለች። አንድ ቀን የጭነት መኪና በበራችን ሲያልፍ ቀና ብለው «ይሄ ሹፌር ዛሬ ከሚስቱ ጋር ተጣልቷል» አሉ።

«ጋሼ፣ በምን አወቁ?»

«ማርሽ የሚያስገባው በጥፊ ነው።»

ሹፌሩ ሲመለስ አስቁመን ጠየቅነው። «ውሸት ነው፤ የተጣላሁት ከእናቷ ጋር ነው» አለን።

እጀታዋ የእንጨት የሆነ ረጅም ካቻቢቴ አለቻቸው። ጫፏን በሚሠራው ሞተር ላይ ያሳርፉና እጀታዋን ከጆሯቸው ኋላ ባለችው የአጥንት ጉብታ ላይ ደግፈው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ያኔ ጋራዡ ሁሉ ጸጥ ይላል። በያጁ እሳቱን ያጠፋል፤ ቀለም ቀቢው መርጫውን ያወርዳል፤ እኔ እንኳ አፌን እዘጋለሁ።

አፌ ሲዘጋ ግን እጄን ይበላኛል። ሥራ የቀዘቀዘ ቀን የደንበኛ ጎማ ስቀይር የጎማው ክዳን ውስጥ የብሎን ዳዶ ጣል አደርጋለሁ። መኪናው አንድ ዙር ሄዶ ቋ! ቋ! ቋ! እያለ ይመለሳል። ሹፌሩ ላብ በላብ ሆኖ ይወርዳል። ጋሼ ጆሮ ታዲያ ከተጋደሙበት ከመኪና ሥር ሳይወጡ «ነፋሱ! ዳዶህን አውጣ!» ይሉኛል። አንድም ቀን አሞኝቻቸው አላውቅም።

አንድ ዕለት ግን እልህ ያዘኝና እፍኝ ሙሉ ጨመርኩበት። መኪናው ሲመለስ የማድ ቤት ዕቃ በሙሉ በደረጃ የሚንከባለል ይመስል ነበር። ጋሼ ጆሮ በሩ ላይ ቆመው እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጋሉ። መኪናው አጠገባቸው ደርሶ ቆመ። የሹፌሩን ፊት አዩና «ደህና ናት፤ ሂድባት» አሉት።

ሳቄን ትቼ ዳዶዎቹን ራሴ አወጣሁ።

ከኋላቸው ሄጄ «ጋሼ፣ መላጣዎ ላይ ዝንብ አርፋለች» አልኩ። ዝም። «ጋሼ፣ እታለም ቤቱን ሸጣ ልትጠፋ ነው።» አሁንም ዝም። ድንገት ዘወር አሉና «ምን ይገትርሃል? ጎማው አለቀ?» ብለውኝ ወደሚቀጥለው መኪና ሄዱ። ካቻቢቴዋን ሞተሩ ላይ አሳርፈው ጥቂት አዳመጡና «የውሃ ፓምፑ ኩሽኔታ አልቋል» አሉ። ሲፈታ ኩሽኔታው አልቋል! ያለ ካቻቢቴ ነጎድጓድ የማይሰማ ሰው፣ በካቻቢቴ የጉንዳን እርምጃ ይሰማል። ይሄ ምን ዓይነት ደንቆሮነት ነው?

ማታውን ለእህቴ ነገርኳት። እታለም እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«እኔኮ ጨዋ የሆነ መስሎኝ!» አለች። «ስቆጣው አይመልስልኝም፤ ድምፁ ለስልሷል። ባሌ ተለወጠ ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አውርቼ የለ!»

ጋሼ ጆሮ ፊት ለፊቷ ተቀምጠው ከንፈሯን ሲያዩ ቆዩና ሚስጥሩ እንደወጣ ገባቸው። «ቀስ እያለ ነው የሄደው» አሉ በለሰለሰ ድምፃቸው። «መጀመሪያ የግድግዳው ሰዓት ዝም አለኝ። ቀጥሎ ዝናቡ። ቀጥሎ አንቺ።»

«እኔ ከዝናብ በኋላ ነኝ?»

«በጣም ስለምትጮሂ ነው የዘገየሽው» አሉ። ፈገግታቸው ግን ቶሎ ጠፋ። «ካቻቢቴዋ እስካወራችኝ ድረስ እሠራለሁ። እሷም ዝም ያለችኝ ቀን መፍቻዬን አስረክቤ እቤት እገባለሁ።»

እህቴና እኔ ተያየን። እሳቸው እቤት ገብተው የሚቀመጡ ሰው አይደሉም። በበዓል ቀን እንኳ ጎረቤት ደጅ የቆመ መኪና ኮፈን ከፍተው ነው የሚገኙት። በማግስቱ እኔ በግራ፣ እህቴ በቀኝ ሆነን ወደ ጆሮ ሐኪም ወሰድናቸው።

ዶክተሯ ልጅ ልትሆናቸው የምትችል፣ ጣቶቿ እንደ ሽቦ የቀጠኑ ሴት ናት። በክፍሏ መስኮት ሥር ሙሉ የሰው አጽም በብረት ዘንግ ቆሟል፤ ትከሻው ላይ ነጭ ጋወን ተሰቅሎበታል። እኔ ሰላምታ ሰጠሁት። «ተረኛ ነው?» ስላት «አዎ፣ ከሁላችንም ቀድሞ ይገባል» አለችኝ። ያኔ ወደድኳት።

ጆሯቸውን በመብራት አየችና ሹካ የመሰለ ባለ ሁለት ጣት ብረት አነሳች። ጉልበቷ ላይ መታ አድርጋ ጆሯቸው አፍ ላይ ያዘችላቸው።

«ጋሼ፣ ይሰማል?»

«ምኑ?»

የብረቱን እግር ከጆሯቸው ኋላ ጉብታው ላይ አሳረፈችው። ጋሼ ጆሮ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ሰማሁ! ይሄማ ካቻቢቴዬ ናት!»

«የምን ካቻቢቴ?»

አስረዳኋት። ሳቀች፤ ቀጥሎ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ጎንበስ አለችላቸው። «ነርቩ ደህና ነው ማለት ነው ጋሼ። የተበላሸው የፊት በሩ ነው። ድምፅ በበሩ መግባት ሲያቅተው በግድግዳው በኩል ነው የሚደርስዎ። ግድግዳው የራስ ቅልዎ ነው። አጥንት ድምፅ ያሳልፋል።»

ከዚያም በሩ እንዴት እንደሚሠራ ነገረችን። ከጆሮ ታምቡር በስተኋላ ሦስት አጥንቶች ተያይዘው ይቆማሉ። አንደኛው መዶሻ፣ ሁለተኛው ብረት የሚቀጠቀጥበት ሰንዳን፣ ሦስተኛዋ እርካብ ይባላሉ። ድምፅ ታምቡሩን ሲመታው መዶሻው ሰንዳኑን ይነቀንቃል፤ ሰንዳኑ እርካቧን ይገፋል፤ እርካቧ ደግሞ ከኋላዋ ያለውን ፈሳሽ ታንቀሳቅሳለች፤ ከዚያ ወዲያ የነርቩ ሥራ ነው።

«መዶሻና ሰንዳን?» አሉ ጋሼ ጆሮ። «እኔ ጆሮ ውስጥ ጋራዥ አለ?»

ከመሳቢያዋ ትንሽ ሣጥን አወጣች። በጥጥ ላይ እርካቧ ተኝታለች። ከሩዝ ፍሬ ታንሳለች፤ ግን ሁለት እግር አላት፣ መርገጫ አላት፣ በመሃሏ ቀዳዳ አላት። ለፈረስ ጋላቢ የተሠራች ቁልጭ ያለች እርካብ፤ ጋላቢው ግን ትንኝ መሆን አለበት። ባለሁበት ትንፋሼን ያዝኩ፤ ብተነፍስ የምትጠፋ መሰለኝ። በሕይወቴ ትንፋሼን የቆጠብኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

«በሰው ገላ ውስጥ ከእሷ ያነሰ አጥንት የለም» አለች ዶክተሯ። «ሌላው አጥንት ከተወለድን በኋላ ገና ብዙ ያድጋል። እነዚህን ሦስቱን ግን ከሙሉ ልካቸው ጋር ይዘን ነው የምንወለደው። የእርስዎ እርካብ ዙሪያዋን አጥንት በቅሎባት ተጣብቃለች። አትንቀሳቀስም።»

«ነክሳለች በይኝ እንጂ» አሉ ጋሼ ጆሮ፤ ስለማይፈታ ብሎን የምንለው እንዲያ ነው።

ተነሱና ወደ አጽሙ ሄዱ። ጋወኑን ከትከሻው አውርደው ለእኔ አስያዙኝ። ከዚያ ባለቤቱ የማይታወቅ መኪና እንደመጣላቸው ሁሉ ከታች ጀምረው ይመረምሩት ጀመር፤ ጠይቀው ዘወር እያሉ መልሱን ከከንፈሯ ያነባሉ። የእግሩን መዳፍ ቅስት በጣታቸው ዳሰሱ። «ይሄ ባሌስትራ ነው።»

«አዎ፣ ስንረግጥ ዝቅ ብሎ ይመለሳል» አለች።

«ወገቡ ለምን ቀጥ አላለም? ተጋጭቷል?»

«አልተጋጨም፤ ጥምዝምዙ ሆን ተብሎ ነው። ቀጥ ያለ ቢሆን እያንዳንዱ እርምጃችን ጭንቅላታችንን ይመታው ነበር። በየመሃሉ ደግሞ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ነገር አለው።»

የጎድን አጥንቶቹን በጥፍራቸው እንደ ክራር ገረፍ አደረጓቸው። ልብና ሳንባን እንደሚጠብቁ፣ ስንተነፍስም ተነስተው እንደሚወርዱ ነገረቻቸው። «የሚተነፍስ ኮፈን» አሉ ለራሳቸው። ከመንጋጋው ሥር በሽቦ የተንጠለጠለች የፈረስ ጫማ የመሰለች ቀጭን አጥንት አዩና ዘወር አሉ። «ይቺስ? ከምንም ጋር አልታሰረችም፤ ተረስታ ነው?»

«ከሌላ አጥንት ጋር የማትገናኝ እሷ ብቻ ናት። ጡንቻ ነው የያዛት። ምላስ የሚቆመው በእሷ ነው፤ ለመናገር ታገለግላለች።»

ጋሼ ጆሮ በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። «የዚህን ልጅ አንድ ቀን ቀይሪለት፤ አልቃለች።»

በመጨረሻ የጭኑን አጥንት ጨበጡት። ረጅም ጊዜ ሳይለቁት ቆዩ። «ሁሉም ገባኝ» አሉ። «ዘይቱ ከየት ነው የሚመጣው?»

«ደሙን ነው? ከዚያው ነው ጋሼ። ከአጥንቱ ውስጥ። ደም የሚሠራው መቅኔው ነው። እኛ እዚህ ቆመን ስናወራ በየሰከንዱ በሚሊዮን የሚቆጠር የደም ሕዋስ እየሠራ ወደ ሥራ ይልካል።»

ክፍሉ ጋራዣችን በካቻቢቴ ሰዓት እንደሚሆነው ሆነ። እህቴ ክንዷን በእጇ ያዘች። እኔም ሳላስበው ጭኔን ያዝኩ። ስምንተኛን ሁለቴ ስማር ሁለቴም ያመለጠኝ ትምህርት ይሄ መሆን አለበት። ለካ ስዋሽም፣ ስተኛም፣ ጎማ ስነፋም ውስጤ ያለው ፋብሪካ ለአንዲት ሰከንድ አላረፈም!

«ዘይቱን ራሱ የሚሠራ ሻንሲ» አሉ ጋሼ ጆሮ ቀስ ብለው። ጋወኑን ከእጄ ተቀብለው በአክብሮት ለአጽሙ መልሰው አለበሱት።

ያኔ ነው ዶክተሯ ነገሩን ያበላሸችው። «እርስዎን ማከም ይቻላል» አለች። «በኦፕራሲዮን የተጣበቀችውን እርካብ የላይኛውን ክፍል አነሳና በቦታዋ ፒስተን አስገባለሁ።»

ጋሼ ጆሮ ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ጠቆረ። «ነፋሱ! አንተ ነህ?»

«ጋሼ ይሙቱ እኔ አይደለሁም!»

«ሐኪም ታስዋሻለህ?»

«እታለምን ይንሳኝ! ዛሬ ገና ነው ያየኋት!»

ዶክተሯ ግራ ገብቷት አንድ ጊዜ እሳቸውን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየችና ሌላ ሣጥን ከፈተች። ከዓይን ሽፋሽፍት ብዙም የማትወፍር፣ ጫፏ የተቆለመመ ነገር ውስጡ አለች። «ስሟ ነው ጋሼ፤ ፒስተን ነው የምንላት። ቁልምሟ ሰንዳኑን ይይዛል፤ ጫፏ ፈሳሹን ይገፋል።» ቀጥላም እውነቱን ነገረቻቸው። ብዙዎቹ ይሰማሉ፤ ከብዙዎቹ መሃል ግን አልፎ አልፎ ያ ጆሮ ጨርሶ የሚጠፋበት ሰው አለ።

ጋሼ ጆሮ ባርኔጣቸውን አነሱ። «እግዜር ይስጥሽ ልጄ። ግን ሞተሩ እየሠራ ፒስተን የሚቀይር መካኒክ አላየሁም።» ወጡ።

ጋራዥ ስንመለስ ወሬው ቀድሞን ደርሷል፤ በስልክ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ወዲያው ስብሰባ ሆነ። የነከሰ ነገር ማላቀቅ የሁላችንም እንጀራ ነው። በያጁ «ትንሽ ሙቀት ነው የምትፈልገው» አለ። ቀለም ቀቢው «በናፍጣ ትዘፍዘፍ» አለ። የኤሌክትሪኩ ሠራተኛ ያለውን እህቴ ስለሰማች እዚህ አልጽፈውም፤ በመጥረጊያ ነው ያባረረችው። እኔ ግን «ብሎን በምን ይላቀቃል? በንዝረት!» አልኩ።  ጋሼ ጆሮ ከንፈሬን አንብበው በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከእኔ አፍ ወጥቶ ያመኑት የመጀመሪያው ነገር ነው፤ መካኒክን የሚያሳስት መካኒክ ብቻ ነው።

ባሌስትራዋ የሞተባት አሮጌ የጭነት መኪና ነበረችን። ወደ ድንጋይ መፍጫው የሚወስደውን ኮረኮንች መረጥን። ጋሼ ጆሮ ራሳቸው መሪውን ያዙ፤ እኔ ከኋላ ጭነቱ ላይ ቆምኩ። መኪናዋ ስትሮጥ ጥርሴ እርስ በርሱ ይተዋወቅ ጀመር። ከአንድ ቦይ ላይ ስትዘል እኔ ወደ ሰማይ ተነሳሁ። እየወጣሁ ወፎች መንገድ ለቀቁልኝ። ከላይ ሆኜ የጋራዣችንን ቆርቆሮ አየሁ፤ ጥግ ላይ ማደስ እንዳለበትም አስተዋልኩ። ስወርድ መኪናዋ የለችም፤ መሬቱ ብቻ አለ። በትከሻዬ አረፍኩና ከአንገቴ ሥር ወደ ትከሻ የሚሄደው አጥንት ቀጭ! አለ።

ጮህኩ። ድንጋይ የሚፈጩት ሰዎች ማሽን አቁመው ቀና አሉ። መኪናዋ ግን ሄደች። ጋሼ ጆሮ መሪያቸውን ይዘው፣ ወገባቸው ቀጥ ብሎ፣ አቧራውን እያስነሱ ሄዱ።

መጨረሻ ላይ ደርሰው ሲመለሱ መንገዱ መሃል ተቀምጬ አገኙኝ። ወረዱ። የእኔን ትከሻ፣ የሚሮጡትን ሰዎች አዩ።

«ጮኸህ ነበር?»

ልቀልድ አፌን ከፈትኩ። ፊታቸውን ሳይ ተውኩት። «አዎ ጋሼ» አልኩ።

ትከሻዬ ታስሮ ሰነበትኩ። ዶክተሯ ሰምታ ስለ ብሎንና ስለ ጆሮ ልዩነት ለመላው ጋራዥ የላከችው ስድብ አሁንም ይወሳል። አጥንቱ እንዴት እንደሆነ በራጅ ሊታይ በተቀጠርኩበት ቀን ጋሼ ጆሮ አብረውኝ መጡ። እሷም የመጀመሪያውንና የአሁኑን ፎቶ ጎን ለጎን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ያዘችልን። በመጀመሪያው አጥንቴ ለሁለት ተሰብሮ ጫፎቹ ተላልፈዋል። በሁለተኛው ስብራቱ ዙሪያ ነጭ ጉብታ ከቦታል።

ጋሼ ጆሮ ወደ ፎቶው ተጠጉ። «ይሄ ብየዳ ነው» አሉ። «ማነው የበየደው?»

«ማንም» አለች።

«እንዴት ማንም?»

«ራሱ ነው ጋሼ። እኛ ያደረግነው እንዳይነቃነቅ ማሰር ብቻ ነው። መጀመሪያ ደም ይረጋበታል፣ ከዚያ ለስላሳ ድልድይ ይሠራል፣ ድልድዩ ወደ አጥንት ይለወጣል። ይሄ ጉብታ ደግሞ እዚያው አይቀርም፤ ትርፉን ቀስ በቀስ ራሱ ሞርዶ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይጠጋል።»

«ተኝቶ እያለ?»

«ተኝቶም፣ እየዋሸም።»

ዕድሜያቸውን ሁሉ ብረት ሲያስበይዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ያለ እሳት፣ ያለ መነጽር፣ በጨለማ የሚበይድ ሠራተኛ አይተው አያውቁም። ጣታቸውን አምጥተው ገና የጠፋ ሞተር እንደሚነኩት በስሱ ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። 

«አንተን በሚያክል ውሸታም ውስጥ እንዲህ ያለ እውነተኛ ሠራተኛ ካለ፣ እኔም ውስጥ አይጠፋም» አሉኝ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «ልጄ፣ ይሄ ልጅ ሲጮህ አልሰማሁም። ነገ የሚጮኸው መኪና ከላዩ የወደቀበት ሰው ቢሆንስ? ፒስተንሽን አስገቢ። የተረፈውን የውስጡ ሠራተኛ ይጨርሰዋል።»

በኦፕራሲዮኑ ዕለት እህቴና እኔ ኮሪደር ላይ ተቀምጠን ነበር፤ ውስጥ የሆነውን ኋላ ከነርሷ ነው የሰማሁት። ጆሯቸውን ብቻ ነው ያደነዘዙት፤ እሳቸው ነቅተዋል። ዶክተሯ በማጉያ እያየች፣ ትንፋሿን እየቆጠበች፣ ያችን ሽፋሽፍት አስገብታ ቁልምሟን ሰንዳኑ ላይ አጠበቀች። ነርሷ አንድ ዕቃ ከሳህን ላይ አኖረች። ቅጭል አለ።

«መቆንጠጫ ነው» አሉ ጋሼ ጆሮ ከጨርቁ ሥር።

የሁሉም እጅ ቆመ።

«ማጠፊያው ላልቷል» ብለው ጨመሩ። ነርሷ አንስታ አየችው፤ ላልቷል።

ከዚያ ግን ጆሯቸው በጥጥ ተደፈነ። ለቀናት ራሳቸውን እያዞራቸው፣ እንደ ሰካራም በእህቴ ትከሻ ላይ እየተደገፉ ከአልጋ ወደ ወንበር ተመላለሱ። ያ «ቅጭል» የመጨረሻቸው ይሁን የመጀመሪያቸው ማንም አያውቅም። እህቴ አንድም ቀን አልተቆጣችም፤ ይህን ያህል የፈራችበትን ጊዜ አላስታውስም።

ጥጡ በወጣበት ዕለት በቀጥታ ወደ ጋራዥ መጡ። ማንንም አላናገሩም። በሩ ላይ ቆሙ። እኔ ከጋራዡ ትንሿን ዳዶ መርጬ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከአንድ መኪና ጎማ ክዳን ውስጥ አስገብቻለሁ። መኪናው ዞሮ መጣ። በያጁ እሳቱን አጠፋ። ቀለም ቀቢው መርጫውን አወረደ። እኔ ራሴ ጆሮዬን አሹዬ ምንም አልሰማሁም። መኪናው አጠገባቸው ሲደርስ ጋሼ ጆሮ ቀና ብለው ያዩት ጣራውን ነው።

«አልሰሙም» አልኩ በልቤ።

«ዝናብ ሊጥል ነው» አሉ። «ቆርቆሮው ላይ ሁለት ነጠብጣብ አረፈ።» ቆዩና፣ ድምፃቸውን እንደ ድሮው ከፍ አድርገው፣ «ነፋሱ!»

«አቤት ጋሼ!»

«ዳዶህን አውጣ። ጨርቁንም መልስ፤ የኔ ነው።»

ጋራዡ ውስጥ የተነሳውን ጩኸት መናገር አያስፈልግም፤ እሳቸው ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው «ቀስ! ቀስ! አዲስ ፒስተን በዝግታ ነው የሚለማመደው!» እያሉ ሸሹ። እቤት ደግሞ እህቴ ስትቆጣ ይመልሱላት ጀመር። «ምን አለ እስከ ግማሽ ብቻ ብታስገባለት!» ትላለች፤ ግን ይህን ስትል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ቀስ ብላ፣ እንዲሰሟት ብላ ነው የምትናገረው።

ካቻቢቴዋ አሁን ምስማር ላይ ተሰቅላለች። ሰው ከሌለ አንዳንዴ አወርዳታለሁ። ጫፏን በጨርቅ ሸፍኜ ትከሻዬ ላይ፣ በተበየድኩበት ቦታ አሳርፋታለሁ፤ እጀታዋን ከጆሮዬ ኋላ እደግፋለሁ፤ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ከሩቅ የሚሠራ ትልቅ ሞተር የመሰለ ነገር ይሰማኛል። ልቤ ይሁን ሠራተኛው አላውቅም። ማንም ቢሆን ሳይከፈለው ነው የሚሠራው ብዬ ሥራውን እንዳልረብሸው ዝም እላለሁ።

እንግዲህ ታሪኩ ይሄው ነው። ፒስተኑ እውነት ነው፤ ዶክተሯን ጠይቁ። ብየዳው እውነት ነው፤ ትከሻዬን ዳስሱ። መቆንጠጫውንም ነርሷ ትመሰክራለች። ከራሴ የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደ ሰማይ የተነሳሁበትን። ጋሼ ጆሮ ቦዩን ሊያዩ ሞተሩን ሳያጠፉ መኪናዋን አቁመው ነበር። ውሃ ሽንት ይዞኝ ሳልነግራቸው ስወርድ እግሬ አዳለጠኝ።